ደረጃው የት ሄደ?

ከኤቮራ ወጣ ብሎ፣ የቡሽ ዛፍ የከበበው፣
አንድ ነጭ ቤት አለ፤ ፎቅ የሚባል ያልነካው።
ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። በቀረው ቀን ሰው ይመጣል፣
ባርኔጣውን አውልቆ ጣራ ጣራውን ያያል፤
"ደረጃው የት ሄደ?" ይላል።

ዘበኛው ሴኞር አማንድዮ፣ ቁልፉን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣
ስንት ዘመን መለሰ፣ "ኧረ አልነበረም" ብሎ!
"እንዴት አልነበረም? በዓይኔ በብረቱ ያየሁት፣
ፋኖስ ይዛ ስትወጣ አንድ ባንድ የቆጠርኩት!
አሥራ አራት እርከን ነው። ሦስተኛው ሲጥ ይላል።"
አማንድዮ ዝም ይላል።

ያን ደረጃ እኔ ነኝ የሠራሁት።
አናጺ አይደለሁም፤ ድንጋይም አልጠረብኩት።
ሉዶቪና እባላለሁ፤ እንጀራዬ መቀስ ነበር፣
ሊዝበን፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከኮምጣጤ ሽታ ጋር፣
የአንዱን አገር ማክሰኞ ከሌላ አገር ዓርብ ጋር
በፕላስተር ማጣበቅ፤ ስፌቱ እንዳይታይ ማድረግ።

በሩ የዚህ ቤት ነው፤ እጀታው፣ ዝገቱ፣ ስንጥቁ።
ደረጃው የፖርቶ ነው፤ ከፈረሰ ገዳም፣ ከሩቁ።
በመካከል አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሙሉ ክረምት፤
እኔ ዘለልኩት፣ ዓይን አንዴ በሚርገበገብበት።
ተዋናይቷ እስከዚያ ፀጉሯን ተቆርጣ ነበር፤
ማንም ልብ አላለም። ዓይን የሚከተለው እግር።
እርከኑም አሥራ አራት አይደል፤ አራት ነው የሚታየው፤
አሥሩን በጨለማ ውስጥ ጫማዬ ነው የረገጠው፣
በሣጥን ላይ፣ ማይክሮፎን ሥር፣
ተረከዙ የላላ አሮጌ ጫማዬ።

ባሕሩስ?
ሴትዮዋ በመስኮት ታያለች። ፊቷ ብቻ። የባሕር ወፍ ጩኸት።
ከዚያ መጋረጃ ሲነፋ። በቃ፤ ሌላ ምስል የለበት።
ገንዘቡ አልቆ ነበርና፣ ባሕር ሊቀዳ የሄደ የለም፤
ከዚህ ቤት መስኮት ደግሞ ከቡሽ ዛፍ በቀር አይታይም።
ሰው ግን ያገኘኝ ሁሉ፣ በሠርግም፣ በለቅሶም ቤት፣
"ያ ባሕር! ያ ሰማያዊ!" ይለኛል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶት።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።

ሰው ቀዳዳ አይችልም። ሁለት ጠርዝ ካቀበሉት
መሐሉን ራሱ ሸምኖ ይለብሳል፤ ኋላ "አውልቅ" ቢሉት
ቆዳዬ ነው ይላል።

በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ፣
በአውቶቡስ ሄድኩ ላየው። አማንድዮ አላወቀኝ።
ትኬት ቆረጠልኝ። ገና ምንም ሳልጠይቀው
ግድግዳው ዘንድ ወሰደኝ፤ መዳፉን አሳረፈው
ልክ መደገፊያ በሚሆንበት ቁመት ላይ፤
"እዚህ ነበር" አለ፣ "ከጎርፉ በፊት።
እናቴ ከሦስተኛው እርከን ወድቃ
እግሯ እንደተሰበረ ቀረ።"

ይህ ሰው እዚሁ ቤት ነው የተወለደ።

ዳይሬክተሩ ድሮ "ቆራጥ ነሽ" ይለኝ ነበር።
ቆራጭ እንጂ ቆራጥስ አልነበርኩም።
ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን
"የትኛው እግሯ?" የሚል ሆነ።

"ግራው" አለ። አላመነታም።

ተረከዙ የላላው ጫማዬም
የግራው ነበር።

ውጭ ፀሐዩ ከርሮ፣ ሲካዳ ይጮኻል።
ሌሎች ጎብኚዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ አንድ ልጅ
ጣራ ጣራውን ያያል።
ልንወጣ ስንል፣ በዚያ እንደ መዳፍ በለሰለሰ ወለል ላይ፣
አማንድዮ ክንዴን ያዘኝ፣
"ቀስ፣ እዚህ ጋ ቀስ" አለኝ፤

እኔም እግሬን አነሳሁ።