የሱሪ ላስቲክ

ደብረ ብርሃን ነው ሱቄ፣ እዚህ ጠባሴ፤
ልክ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ በራሴ
ልብስ ሰፊ ነኝ።

ዓይኔ ሥር፣ ከደጄ፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ
አራት ዓመት ሙሉ መክብብ ሲጫወት ሳይ፣
ደረጃ ሲደርስ እግሩ ሲያመነታ፣
ወድቆ የቀረ ቁልፍ ሲዳብስ በርጋታ፣
«ይህ ልጅ ልቡ ዝንጉ፣ አይሰማም» እያልኩኝ
አንዴም በማስመሪያ መዳፉን መታሁኝ።
ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ እንዲያው ነው» አለኝ፤
ከመጠየቅ ይልቅ ማመኑ ቀለለኝ።

እናቱ ወለላ፣ ገና አራስ እያለች፣
በብሌኑ ዙሪያ ነጫጭ ነጥብ አየች፤
ልክ እንደ ጠመኔ ከጨርቅ ላይ የቀረ፣
ሊቆርጥ ያሰበ ሰው ምልክት ያኖረ።
«ዳውን ሲንድሮም» ብለው ልቡን አዳመጡ፣
ክብደቱን መዘኑ፣ ክትባት አመጡ፤
ነጥቡን «ምንም» አሏት፤ እውነትም ምንም ነው፤
ሌላውን ነው እንጂ እኛ ያላየነው።

ዘንድሮ በጥቅምት ስለ ዓይኑ እንባ
ጠብታ ሊሰጡን ሆስፒታል ስንገባ፣
ሲስተር ዘውድነሽ ግን በዚያ አላበቃች፤
መጋረጃ ዘጋች፣ ቀጭን ባትሪ አበራች፣
ፊደሉን ትታ ዶሮ፣ ቤት፣ መኪና ደረደረች።
መክብብ ዶሮዋን ባፍንጫው ነካክቶ
«ኩኩሉ!» አለና ሳቀላት አብዝቶ።
እሷ አልሳቀችም።
«አባቱ፣ ለዚህ ልጅ ከክንድ ወዲያ ያለው
ሁሉም ጣርማ በር ነው፣ ክረምት ጉም የዋጠው።»

ማስመሪያው ትዝ አለኝ።

መነጽር ታዘዘ፤ ባምሳ ቀኑ መጣ፤
ዝቅ ካለው አፍንጫው ተንሸራቶ ወጣ።
የፋብሪካ ልክ ነው፤ ለሱ ፊት አልሆነም፤
ልክ ያጣ ልብስ ደግሞ ለኔ አዲስ አይደለም።
ካሮጌ ቁምጣ ላይ ላስቲክ መዘዝኩና፣
ከጆሮው እስከ ጆሮው ከኋላ ለካሁና፣
በመነጽሩ ክንዶች ጠቅጥቄ ሰፋሁት፤
ጣቴንም ወግቼ፣ ቀስ ብዬ አጠለቅሁት።

እሑድ አውልቆ ጣለ፤ ሰኞም ደግሞ ጣለ፤
ሐሙስ ለታ ግና ረስቶት ቁጭ እንዳለ፣
ብርዱ መስታወቱን በትንፋሽ አልብሶ፣
በእጅጌው ጠረገው፣ ቀና አለ መልሶ፤
ከበራፉ ሆኖ፣ ማዶ ግድግዳ ላይ
የተሰቀለውን ማስመሪያዬን ሲያይ፣
መዳፉን ጨበጠ፣ ከኋላው ሸሸገ።
«ና» ብለው፣ አንድ ርምጃ ኋላ አፈገፈገ።

ማታ ለወለላ «አየ!» ብዬ አበሠርሁ።
ምን እንዳየ ስትጠይቅ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርሁ።