እስከ ደወሉ ድምፅ

ከጎንደር ተነስቶ፣ ጭልጋን አልፎ ወርዶ፣
የደጋ ካባውን ጥሎ፣ በቆላ ሐሩር ነዶ፣
ጓንግ ወንዝ ከመድረሱ አንድ ጥሪ ያህል
ይቆማል መንገዱ፣ ትንሽ ከተማ መሃል።
ስሟ ዋርካ ኬላ። ዋርካው ከወደቀ
ሰባ ክረምት አለፈው፤ ስሙ ግን አልደረቀ።

እኔ የኬላው ጸሐፊ ነበርሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ስንት ግመል ገባ፣ ስንት ኩንታል ወጣ፣ በመዝገብ ስከት።
ያልተመዘገበውን ነው ዛሬ የምጽፈው፣
ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ በጎን ያለፈው።

የመጀመሪያው ሰፋሪ፣ ጥጥ ነጋዴው ወልደ ሐና፣
ወደ ገዳሙ ወጣ፣ በትከሻው ካስማ ይዞ ገና፦
«አባቴ፣ እስከ የት ልትከል?» አበምኔቱ ዝም አሉት፤
ደዋዩን በዓይናቸው፣ እንዲመታ፣ ጠቀሱት።
«እስከሚሰማህ ድረስ።»
                    ካስማውን ተሸክሞ
ወረደ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ቆሞ፣ ደግሞ ቆሞ፤
ድምፁ እንደ ክር ቀጥኖ ሊበጠስ ሲል ተከለ።
አገር የጀመረው እዚያ ነው። ሰው በዚያ በቀለ።

ነፋስ ከምሥራቅ ሲነፍስ ከተማዋ ትሰፋለች፤
የሐምሌ ዶፍ ድምፁን ሲውጠው ከአንድ ጓሮ ታንሳለች።
የአደም እርሻ፣ ከማዶ፣ በጥቅምት የኛ፣ በሚያዝያ የራሱ፤
ግብር ለማንም ሳይከፍል ሸመገለ እሱ።

ሐዋ ሻይ ስትቀዳ ትለኝ ነበር፦
«እናንተ ዳር ስትሉ መጨረሻ ማለታችሁ፣
በኛ አፍ ግን ዳር ቤት ነው።» ብዕሬን አስቀመጥሁ፤
ዳር አገር ተጣልሁ ባልሁበት፣ ለካ ቤት ነው የገባሁ።

ታሪኩን በተራ አልነግርም፤ በተራ አልደረሰብንም።
ደርቡሽ ሲያቃጥላት ያየ ዛሬ በሕይወት የለንም።
የተረፈው ወሬ ነው፦ በዚያች ሌት ሦስት መነኮሳት
ደወሉን አውርደው ቀበሩት፣ ሸሽገው ከሰይፍ ከእሳት።
ቦታውን ላይናገሩ ተማማሉ። አልተናገሩም።
መሐላ ጠበቁ። ሞቱ። እኛም አላገኘንም።
ገዳሙ ዛሬም የሚደውለው በተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤
የድንጋይ ድምፅ እግሩ አጭር፣ አጥር የሚያቆመው።
እናም ከዚያች ሌት ወዲህ የት እንደምናልቅ አናውቅም።

ደወል በሌለበት ዘመን ሰንሰለት ይዞ መጣ
አንድ ቀያይ ፈረንጅ፣ ከፀሐይ ጋር የተቆጣ።
ለክቶ ድንጋይ ተከለ፦ «ይህ የናንተ፣ ያ የነሱ።»
በማግስቱ ባለ ሉካንዳዎች ቢላ ሊስሉበት ተነሱ።
ጣሊያን ደግሞ በርሜል አንከባለለ፣ ባንዲራ ሰቀለ፤
አምስት ዓመት ቤንዚን ሸተተን፤ በርሜሉን ጥሎ ኮበለለ።

በሰባ ሰባት፣ በሌሊት፣ ሕዝብ በባዶ እግሩ አለፈ፤
መዝገቡ «ምንም አላለፈም» ይላል። እጄ ነው የጻፈ።
ሐዋ ሻይ ቤቷን ሳትዘጋ ውሃ ስታድል አደረች፤
ስንት ቅል እንደቀዳች ቁጥሩን ይዛ ተቀበረች።

ባለፈው ኅዳር የሰሊጥ ባለሀብቱ ትራክተር
ከወንዙ በላይ ሲያርስ፣ ማረሻው አንድ ነገር
መታ።
      ጮኸ። ጥልቅ፣ ረጅም፣ ከምድር ሆድ የተጠራ።
ገበያው ቀጥ አለ፤ የሚዛን ያዡ እጅ አየር ላይ ቀረ፤
እማሆይ ወለተ ኪሮስ እልል አሉ፤ መንደሩ ተሸበረ።
ከማዶ የአደም ልጅ፣ አብዱልባጊ፣ በስልክ ደወለ፦
«ደወሉ ተገኘ ወይ? እዚህ ድረስ ተሰማ» አለ።

ሮጠን ደረስን። በርሜል ነው፤ የጣሊያኑ፤ ዝገት የበላው።
ሾፌሩ ሳቀ። ከሱ በቀር የሳቀ የለም ሌላው።
ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አብዱልባጊ ይጠብቃል።
«ጥርት ብሎ ተሰማችሁ?»
«ጥርት ብሎ!» አለኝ። ዝም አልሁ።
ጣቴን በምራቄ አርሼ ወደ ላይ ቀሰርሁ፤
ነፋሱ ከምሥራቅ ነው።