ፎቶዬን አምጣ

የፎቶ ካሜራ ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለጉርድ የተገዛ፣
በሦስት ሰው እጅ ያለፈ፣ ማንገቻው የነተበ፣ ጀርባው የወዛ።
ቪዲዮም ይቀርጻል፤ ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው ይግላል፣
እንደ ተቆጣ ሽማግሌ፣ ሳይሰናበት፣ ቀጥ ይላል።

ለመልመድ ብዬ ማለዳ ማለዳ ጣና ዳር እወርዳለሁ፣
ሽንብራ በካልሲ ቋጥሬ ከድንጋይ ላይ አኖራለሁ፤
ትራይፖዴ እሱ ነው።
የጥቁር መነጽሬ የቀኝ ዓይን ወልቆ ሌንሱ ላይ ተለጥፏል፤
የጣና ፀሐይ ጉድ ናት፤ ያለሱ የቀረጽኩት ሁሉ በኖራ ተጽፏል።

አስናቀው፣ ያስተማረኝ፣ አንድ ሕግ ብቻ ነው የሚያውቀው፦
«በሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል ከሆነ፣ ሹተሩን ሃምሳ ላይ ጠብቀው፤
ከዚያ ካፈጠንከው እጅ ይቆራረጣል፣ ውኃ ይሰበራል፤
ብዥታውን አትፍራው፤ ነገሩ መሄዱን እሱ ይመሰክራል።»

ሳምንቱን ይብራ ቀረጽኩ፤ ይብራ ሲያርፍ፣ ይብራ ሲነሳ፤
እጄ ፎከሱን ሲያዞር ወፉ ሄዷል፤ የቀረልኝ የውኃ ጠባሳ።

በስምንተኛው ቀን ጋሽ ይማም፣ እርጥብ ደንገል ተሸክሞ፤
«ልቅረጽህ?» ስለው ነዶውን ጣለና ቀጥ አለ ቆሞ።
ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ እጆቹን ከጎኑ ሰደረ፣
ደረቱን ነፋ፤ ዓይኑ ሌንሱ ላይ ተቸነከረ።
«ጋሼ፣ ይሄ ቪዲዮ ነው፤ ሥራህን ሥራ፣ ተንቀሳቀስ» አልኩት፤
ከንፈሩን ሳያላቅቅ «አንሳ» አለኝ፤ እየሳቅሁ ተውኩት።

አርባ ሰከንድ። የምትንቀሳቀስ አንዲት ዝንብ ነበረች፣ ጉንጩ ላይ፣
እና የሸሚዙ ጥግ፣ እና ከኋላው ጣና፣ ቀስ እያለ ሲልስ ከሰማይ።
ከዚያ «ጨረስክ?» አለኝና ቁጭ ብሎ ሥራውን ጀመረ፤
ምን ዓይነት እጅ! ገመዱን በጥርሱ ስቦ፣ ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ አሰረ።
ያንን ነው የፈለግሁት። አሥር ደቂቃ ከምናምን ቀረጽኩኝ፣
ካሜራው ግሎ እስኪጠፋ፤ በባጃጅ እያፏጨሁ ተመለስኩኝ።

ማታ አስናቀው አየና «እጁ ያምራል» አለ፤ «ያን የቆመውን ግን አጥፋ፣
ሜሞሪ ይበላል።» ጣቴን ስሰነዝር መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑም አብሮ አንቀላፋ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ጋሽ ይማም ፋሲሎ ድረስ፣ ስቱዲዮው በር ላይ መጣ፣
እግሩ ላይ የጣና ጭቃ ደርቆ፤ «ያነሳኸኝን» አለ፣ «ፎቶዬን አምጣ።»
«ጋሼ፣ እሱ እኮ ቪዲዮ ነው...»
«እኔ ቆሜልሃለሁ» አለ፣ «ሳልተነፍስ፤
አንተም አንስተሃል። ለቆመልህ ሰው ቃል አይፈርስ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የሥራውን እያቆምኩ ፈለግሁ፣ አንድ በአንድ፤
እጁ ጭጋግ፣ ገመዱ ጭጋግ፣ ፊቱም ተጠራርጎ የሚሄድ።
በሃምሳ የተቀረጸ! ሲሄድ ያምር የነበረ፣ ሲቆም ተበላሸ፤
ጋሽ ይማም ትከሻዬ ላይ አዘንብሎ «ይሄ ማነው?» አለ፣ ወደ ኋላም ሸሸ።

ያኔ ያልጠፋው ትዝ አለኝ። አርባ ሰከንድ፣ አንድ ሺህ ሥዕል፤
ሺውም ጥርት ያለ፣ የቅንድቡ ፀጉር እንኳ የሚቆጠር የሚመስል።
«ይቺን» አለ። ዝንቧ ከጉንጩ የተነሳችባትን ነበር የመረጠው፤
ክንፏ ብቻ ብዥ ብሏል፣ የሸሚዙም ጥግ፤ ሌላው ሁሉ እሱ እንዳስቀመጠው።

አሳተምኩለት። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ ወጣ፤
ብሩን እምቢ ስለው፣ በማግስቱ በደንገል ልጥ የታሰረ አምስት ቀረሶ ይዞ መጣ።

አስናቀው ይስቃል። እኔ ግን ሰው ልቀርጽ በወጣሁ ቁጥር፣
መጀመሪያ «ቁም» እላለሁ፤ አርባ እስክቆጥር።
ከዚያ ይሂድ። ይሥራ። ብዥ ይበል።
ሹተሩ ሃምሳ ላይ ነው፤ ሽንብራዬም በጤዛ ርሶ
ካልሲው ውስጥ ጀምሯል መብቀል።