መጨረሻው የጎደለ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ጃንጥላ በተረሳበት፣
ካፖርት ሣጥን ገብቶ ቁልፉ በጠፋበት፣
ዝናቡ፣ ዕቃ ረስቶ እንደተመለሰ ሰው፣
ከለገሃር በኩል እየሮጠ መጣ፤
አስፋልቱን አራሰው።

ከቴአትር ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣
መጽሐፍ ሻጮቹ ሁሉ ቆሙ ባንድ እግር።
ላስቲክ ተዘረጋ፣ ድንጋይ ተጫነበት፤
የዐሥረኛ ክፍል ፊዚክስ፣ የመኪና ጥገና፣
አስመራ እስካሁን እኛ ጋር ያለበት
ያረጀ ካርታ፣ የፍቅር ደብዳቤ መጻፊያ መምሪያ፣
ሁሉም ባንድ ላስቲክ ሥር ተኛ፣ ተቃቀፈና።

እኔ መጽሐፍ ልገዛ አልወጣሁም፤
ታክሲ ጠፍቶ ነው ከዘውገ ላስቲክ ሥር የገባሁ።
ዝም ብሎ መጠለል ደግሞ ያሳፍራል፤
የሚያነብ ሰው ለመምሰል አንዱን አነሣሁ፦
ጀርባው በፕላስተር የታሸገ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው።
ፊተኛው ገጽ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣
«ለእህቴ ለአስካለ። አደራ፣ እንዳታውሺው።»
ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ፣ ተቸኩሎ የተጻፈ፦
«ተውሼዋለሁ። ይመለሳል። ኩምሳ።»
ቀንም ነበረው፤ ቀኑ በእርጥበት አለፈ።

ገጽ አንድ ላይ አንዲት ሴት ባቡር ትጠብቃለች።
ገጽ አርባ ላይ እዚያው ናት፤ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች።
ከላስቲኩ ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ወርዳ
«ይመጣል» የሚለው ቃል ላይ አረፈች፤
ቃሉ አበጠ፣ ደበዘዘ።
እኔም ጉልበቴ እስኪደነዝዝ
ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ መቶ ዘጠና ሁለት።
ከዚያ ወዲያ ክር አለ፤ ሙጫ አለ፤
ወረቀት የለበት።

«ዘውገ፣ መጨረሻውስ?»
«እሱን ያምናው ጎርፍ በላው፤ ለዚህ እኮ ነው መቶ ሃያ።
መቶ ሃምሳ ካልክ ግን በቃሌ እጨምርልሃለሁ።»
ከፈልኩ።
ያበጠውን ላስቲክ በመጥረጊያ እንጨት ገፍቶ፣
ውሃውን ደፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ሰውዬው መጣ። በመጨረሻው ባቡር።
ሻንጣዋን ተቀበላት። አለቀ።»

ከጎኔ፣ ጋውኗን በፌስታል የሸፈነች ነርስ
ዐይኗን ከያዘችው የአናቶሚ መጽሐፍ ሳታነሣ፣
«ለእኔ በሚያዝያ ስትነግረኝ» አለች፣ «አልመጣም ነበር፤
እሷ ናት ትኬቷን ቀዳ ወደ ቤቷ የሄደችው።
ሰው እንዲህ ይረሳ?»

ዘውገ አላፈረም።
ሽቅብ ሰማዩን አየ፣ ቁልቁል ጫማዬን አየና፣
«የሚያዝያውማ» አለ፣ «ፀሐይ ነበረና፤
ሰው ትንሽ ቢከፋው ቤቱ እስኪደርስ ይደርቃል።
ዛሬ እንዲህ ዘንቦ፣ እንዲህ በስብሶ ለቆመ
ቀረ ብዬ ብነግረው የት ይጠለላል?»

«ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ረዳቱ ጮኸ።
ሮጥኩ፤ መጽሐፉ ከሹራቤ ሥር ከሆዴ ተጣብቆ።

አስካለ፣ በሕይወት ካለሽ፣
ኩምሳን አትቀየሚው፤
መጽሐፍሽ እየተመለሰ ነው፤ ሜክሲኮ ደርሷል።
መጨረሻውን ግን ዘውገን ጠይቂው፤
ብቻ ፀሐይ ሲሆን አትሂጂ።