የታችኞቹ ክሮች

ጉድጓድ ቆፋሪው ሰው፣ ቶርጋይር የሚሉት፣
አፍንጫው ተልጦ፣ ፀሐይ ያከሰለው፣
ሣጥን አቅፎ መጣ ከዚራ፣ ሱቄ ድረስ፤
እንደ ታመመ ልጅ አግዳሚው ላይ አሳረፈው።

ከፈትኩት። ቫዮሊን።
ኧረ ቫዮሊንም አይደል፤
አንገቱ ጫፍ ላይ የአንበሳ ራስ ተቀርጾበት፣
ደረቱ በቀለም አበባ፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣
ሆዱ ግን ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ።
«ሃርዳንገር» አለኝ፤ የአባቱ አገር ስም ነው።
«ድሬ ጠጣችው» አልኩት።
ውርጭ ያሳደገው እንጨት እዚህ ሲመጣ ይጠማዋል፤
አርባ ዓመት ምድር ባቡር ያናጠ ሰው
ይህን ካላወቀ ምን ያውቃል?

ክሮቹን ቆጠርኩ። ስምንት።
አራቱ ከላይ፣ ደጋን የሚያገኛቸው፤
አራቱ ከሥር፣ በድልድዩ ቀዳዳ ሾልከው ያለፉ፣
ጣትም ደጋንም የማይነካቸው።
«ታዲያ እነዚህ ምን ይሠራሉ?»
«ይሰማሉ» አለኝ።
አላልቶ ይበለው አጥብቆ፣ አልለየሁም፤
ፈረንጅ አይደል?
ያዳምጣሉ ማለቱ ነው፣
ወይስ ይደመጣሉ?

የበሬ ቆዳ ሙጫ አፈላሁ፤
ስንጥቁን አጣብቄ፣ በሲባጎ ጠፍሬ፣
ሦስት ሌሊት እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት።
ከታችኞቹ አንዷ ተበጥሳ ጠፍታለች፤
ከመጋላ እስከ ታይዋን ዞሬ አጣሁላት።
ኋላ የአብዱረዛቅ ልጅ ከባጃጁ የፍሬን ገመድ
አንዲት ዘለላ መዝዞ ሰጠኝ፤
«አቦ! ይቺ ከዘፈነች እኔም እዘፍናለሁ።»

ሙጫው እስኪደርቅ ከኒሙ ጥላ ሥር ያወራኛል።
በረዶው ሲቀልጥ የሚቆረጥ ዛፍ አላቸው፤
ቅርፊቱ እንደ እጅጌ ወልቆ ዋሽንት ይሆናል፣
የጣት ቀዳዳ የሌለው፤
ሲደርቅ ድምፁ ይሞታል፣ እስከ ከርሞ።
የፍየል ቀንድም ይነፋሉ።
«እሱስ እኛም ሞልቶናል» አልኩት፣
«የሚነፋው ጠፋ እንጂ።»

ደግሞ ፏፏቴ ሥር የሚኖር መንፈስ አለ ይላል፤
ሐሙስ ማታ ሥጋ ይወስዱለታል።
ሥጋው ከሰባ፣ ጣትህን ይዞ እስኪደማ ያስተምርሃል፤
አጥንት ከበዛበት፣
መቃኘት ብቻ አሳይቶህ ውኃው ውስጥ ይገባል።
ሳቅሁ።
ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ክራር፣ የሰው ዑድ፣ የሰው ማሲንቆ
ቃኝቼ የመለስኩ፣
አንዲት ዜማ እንኳ የማልችል፤
ለካ አባቴ አጥንት ነው የወሰደልኝ!

በአራተኛው ቀን ቆሞ ሞከረው።
እግሩ ወለሉን ይወቅጣል፣
ደጋኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣
ከሥር ያሉት፣ ማንም ሳይነካቸው፣
እንደ ንብ ቀፎ ጀመሩ፤
የባጃጇም ዘለላ አብራ።

ደቻቱን አሰብኩ።
በበጋ አሸዋ ነው፤ ግመል ይተኛበታል፣
ልጆች ኳስ ይለጉበታል፤
የሚጠጣው ግን ከሥር ነው።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ከክር ያልሆነ።
ዞርኩ።
የሮብሌ መጋዝ ነው፣ ግድግዳው ላይ።
ሮብሌ፤ በሶማሊኛ ዝናብ አለበት ስሙ።
ሃያ ዓመት አንድ ግንድ ወዲህና ወዲያ ይዘን
እሱ ሲስብ እኔ ስለቅ፣ እኔ ስስብ እሱ ሲለቅ፤
በዚያ በነሐሴ ሌሊት
ደቻቱ ከነአልጋው ወሰደው።
መጋዙን ከሚስማሩ አላወረድኩትም።
ዝጎ፣ አቧራ ለብሶ፣
ይንቀጠቀጣል።
ይሰማል።

ቶርጋይር አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ሂሳቡ ስንት ነው?» አለኝ ሣጥኑን ሲዘጋ።
«ሐሙስ ማታ» አልኩት፣
«ሁለት ኪሎ የግመል ሥጋ ይዘህልኝ ና፤
አጥንት እንዳይበዛበት።
ስትጫወትም
ፊትህን ወደዚያ ግድግዳ ታዞራለህ።»