የገመቹ ክር

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ መብራት ሄዷል፣
ላፕቶፑ አስራ አንድ ከመቶ ይዟል።
የአንድ ሰው አስር ጣት የሚያሯሩጠውን ፊዩግ
ለአስራ ሁለት ሰው አካፍላለሁ፦
ድምፅ ይሸሻል፣ ድምፅ ዱካውን ይረግጣል፣
ሦስተኛው አርፍዶ
ያንኑ ወሬ እንደ አዲስ ያወራል።

ኖታው ቀላ፤ «ለቫዮላ ወርዷል» ማለቱ ነው።
ያልቀላውም ላይ ገመቹ አይደርስም፣
ወፍራሙ ክር ከተበጠሰ ወሩ፤
መርካቶም ፒያሳም ጠይቀናል።

መስመሩን ለቼሎ ሰጠሁ።
መልሼ ነጠቅሁ፤
ሰው ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ የሚመጣው
ዕረፍት ሊቆጥር ነው?
አንድ ኦክታቭ አወጣሁለት።
አሁን ሸሺው ከአሳዳጆቹ በላይ ቆሟል፣
ፊዩጉ ሳይከፋው አልቀረም።

ከታች የሥጋ ቤቱ ጄኔሬተር ተነሳ፣
የጎደለችውን ዶ ይዞ፣
ትንሽ ዝቅ ብሎ።