ከሰሌዳው ጀርባ

በየሚያዝያው፣ የኢሊኖይ በረዶ ለቆ ወንዙ ሲደፈርስ፣
የወረዳው መንገድ ክፍል ይልከኛል፣ ፊደል ላድስ።
አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም፣ የሽቦ መፋቂያ፣ ጨርቅ፣
አንዲት ቀጭን ብሩሽ፣ ጠጉሯ እንደ ሽፋሽፍት ደቃቅ።

ሃያ ሦስት የብረት ሰሌዳ አለ በእኔ መንገድ፤
"እዚህ ነበረ ወፍጮ።" "እዚህ ተሰቀለ
የፈረስ ሌባ፣ በዚህ ግንድ።"
(ግንዱ የለም።)
መኪናው በሰባ ማይል ያልፋል። ታሪክ በሰባ ማይል ሲነበብ
አንድ ዓመትና ግማሽ ስም ነው፤ የቀረው የጎማ ርግብግብ።

አሥራ አንደኛው ከሜርሰር ጠመዝማዛ በላይ ቆሟል፤
"ካፒቴን ጆሳያ ኦርከት" ይላል፣ "በ1831
በዚህ ስፍራ የማሻገሪያ ጀልባ ጀምሯል።"

በዚህ ስፍራ!
መንገዱ ሲሰፋ፣ በስድሳ ሁለት፣
ክሬን መጥቶ ነቀለና ከጉብታው ላይ ተከለው፣
ከወንዙ በሦስት መቶ እርምጃ ርቀት።
ፊደሉን የነካው የለም። "በዚህ"ም አብሮ ተጫነ፣
እንደ ቁም ሣጥን ተገፍቶ፤ እዚህ የነበረው እዚያ ሆነ።
ካፒቴኑም ይኸው ስድሳ ዓመት አለፈው
በሊንድኩዊስት አኩሪ አተር ላይ ጀልባውን ሲቀዝፈው።

ደግሞስ ምን ቀዘፈ! ሁለት በጋ ሠርቶ፣ አበዳሪ ሲመጣ፣
ጀልባዋን ከነገመዷ ትቶ በሌሊት ከአገር ወጣ።
ገመዱን ያነሳችው ባልቴት ናት፤ ዶርካስ ፔቲግሩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎተተች፤
"እጇ ገመዱን መስሎ ነበር" ይላሉ አረጋውያን ሲናገሩ።
አሳማ አሻገረች፣ ሰባኪ አሻገረች፣ ሙሽራና አዋላጅ፤
ለበሬ አሥር ሳንቲም፣ ለሰው አምስት፣
ለባዕድም ለወዳጅ።
በኮሌራው ዓመት ሬሳ አሻገረች። ለእሱ አላስከፈለችም።

ታዲያ ስሟስ?

እናቴ ነበረች፣ በሃምሳ አንድ፣ የሰሌዳው ኮሚቴ ጸሐፊ።
ከሞተች ወዲያ መዝገቡን
ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አገኘሁት፣ ከክርና ከመርፌ ጋር።
ብረት አቅላጩ በፊደል ነበር የሚያስከፍለው፤
ለአንዱ ፊደል ሰባ ሳንቲም።
የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ኬክ ሸጡ፣ ጥልፍ ሸጡ፤ አልሞላም።
በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ዶርካስ አለች።
በእርሳስ ተሰርዛለች፤ ከጎኗ በእናቴ የእጅ ጽሑፍ፦
"አሥራ አምስት ፊደል። አሥር ዶላር ከሃምሳ። ይታለፍ።"

"ካፒቴን" የሚለው ግን አልተሰረዘም፤ ሰባት ፊደል፤
የአንዲት ጀልባ፣ የአንድ ገመድ ካፒቴን፤ ወይ ዕድል!
ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል።
ከሒሳብ በላይ ግን አይደለም።
እናቴን አልተቀየምኳትም። ኬኩን ጋግራ፣ ሳንቲሙን ቆጥራ፣
እንደገና ቆጥራ፣ መብራት ስታጠፋ አያት ነበር።

የሰሌዳው ጀርባ ባዶ ነው፤ ወንዙን ያያል።
አራት ዓመት ሆነኝ፣ ፊቱን ስጨርስ፣
ጣሳው ውስጥ ቀለም ከተረፈ፣
እዞራለሁ።
አሥራ አምስቱን ፊደል እጽፋለሁ፣ በነጻ፣
ትንሽ ጎበጥ ጎበጥ እያሉብኝ።
ክረምቱ ይልጣቸዋል። እንደገና እጽፋለሁ።
ወረዳው አያውቅም፤ ቢያውቅ ዘጠኝ ቅጽ ያስሞላኛል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሽንቱ ወጥሮት፣
ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ከሰሌዳው ጀርባ ገባ።
ቀበቶውን እየፈታ አነበበ። እኔን አየ፤ ብሩሼን አየ።
"ማናት?"
"ገመድ ጎታች።"
"እዚህ?"
"እዚያ" አልኩት፣ በብሩሼ ወደ ወንዙ እያመለከትኩ።
ጥቂት ቆሞ ውሃውን አየ።
ከዚያ ቀበቶውን አጥብቆ
ራቅ ወዳሉት ዛፎች ሄደ።